የመኪና ኮምፒዩተር በቤት ውስጥ ሲታደስ



ቀድሞ መኪናውን በቤቱ የሚጠግን ሰው ካንዴላና ካርቡራተር ማጽዳት ይበቃው ነበር። ዛሬ የነዳጁን መጠንና የእሳቱን ጊዜ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ባለ 16 ፒን መሰኪያ ግዴታ በመሆኑ፣ ባለንብረቱም ወደዚሁ ኮምፒዩተር የሚገባበት በር ተከፍቶለታል።

አደጋው ግን ከመግባቱ ሳይሆን ከመጻፉ ላይ ነው። አዲሱ ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት ነባሩ ይደመሰሳል፤ በዚህ መካከል የባትሪው ኃይል ቢወድቅ ኮምፒዩተሩ ከሁለቱም ሳይሆን ሊቀር፣ ሞተሩም አልነሣም ሊል ይችላል። ስለሆነም አስቀድሞ የነባሩን ቅጂ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎም ባትሪውን ቮልቴጁ በማይዋዥቅ ኃይል ሰጪ መደገፍ ያስፈልጋል።

ከሌላ መኪና የተፈታ ኮምፒዩተር የሚገጥምም ቢሆን በመለያ ቁጥሩ መመሳሰል ብቻ አይርካ። በብዙ ሞዴሎች የቁልፉ ምስጢር በውስጡ ስለሚጻፍ፣ ከአዲሱ መኪና ጋር ካልተዋወቀ ሞተሩ አይነሣም፤ ቢነሣም ወዲያው ይጠፋል።

የፍሬንና የኤርባግ ኮምፒዩተር ግን የቤት መሞከሪያ አይደለም። ሞተር እንቢ ያለው ሰው ከመንገዱ ይቀራል፤ ፍሬን የከዳው ግን የሌላውንም ሕይወት ይዞ ይሄዳል። ይህን ድንበር ለባለንብረቱ ማስረዳት የባለሙያው ግዴታ ነው።