ደጋግሞ ስለሚበጠስ የሞተር ቺንጋ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች «ከሥራህ የተማርኸውን አንድ ነገር ንገረን» ባሉኝ ጊዜ ስለ ተሳካልኝ ሥራ መናገር ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ካስመሰገነኝ ይልቅ ያሳፈረኝ ስላስተማረኝ፣ ዛሬ የማቀርብላችሁ አራት ጊዜ ስለ ተበጠሰ ቺንጋና ሦስቱን ጊዜ ምክንያቱን ሳልመረምር ስለ ቀየርሁት ስለ ራሴ ነው።

መኪናው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ያለው፣ በውስጡ አልጋ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ የተገጠመለት፣ ቤትም ተሽከርካሪም የሆነ ነበር። ባለቤቱ ብዙ ዘመን በውጭ አገር ኖረው የተመለሱ የጋይንት ተወላጅ ሲሆኑ፣ የገዙትም በዕድሜ የገፉ እናታቸውን ከቤተ ልሔም አካባቢ ወደ ደብረ ታቦር ለሕክምና ለማመላለስ ነው። እናትየው ረጅም መንገድ ተቀምጠው መሄድ አይችሉም፤ ተኝተው ግን ይችላሉ። እንግዲህ ያ መኪና ለቤተ ሰቡ የቅንጦት ዕቃ አልነበረም።

መንገዱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ በቻይና ዕርዳታ የተሠራው መንገድ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ጠብቆ ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ ክዳኑ ካረጀ ግን አያካክስም። በዚያ መኪና ላይ የውኃ ፓምፑን፣ ቬንቲላተሩንና ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለ ነበረ፣ እሱ ሲበጠስ ሦስቱም ባንድነት ይቆማሉ። ሾፌሩ ወዲያው ካላቆመ ቴስታታው ይጣመማል።

የመጀመሪያው ቺንጋ ሲበጠስ «ጥራት የለውም» ብዬ ቀየርሁት። ሁለተኛው ሲበጠስ ውድ የሆነውን ገዛሁ። ሦስተኛውን «ላልቶ ይሆናል» ብዬ እጅግ አጥብቄ አሰርሁት፤ በዚህም የውኃ ፓምፑን ኩሽኔታ ጎዳሁ። ሦስቱንም ጊዜ ዋጋዬን ተቀበልሁ።

አራተኛው የተበጠሰው በሌሊት፣ ከነፋስ መውጫ ወዲህ፣ እናትየው ከሐኪም ቀጠሮ ሲመለሱ ነው። ስደርስ ጋቢ ተደራርቦላቸው በአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታዬን ከተቀበሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ አንተ የምትሠራው መኪናውን ነው ወይስ ቺንጋውን?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ነበር። መልስ አላገኘሁለትም።

በማግሥቱ ባለቤቱ ከመቀመጫው ሥር አንድ ካርቶን አወጡ። የተበጠሱትን አራት ቺንጋዎች አልጣሏቸውም ኖሯል። አንድም ቀን አሳዩኝ ብዬ አላውቅም ነበር። ጎን ለጎን ባሰለፍኋቸው ጊዜ አራቱም የተላጩት በአንድ ወገን ጠርዝ ብቻ ሆኖ አገኘሁ።

ባልደረቦቼ፤ የተበጠሰ ቺንጋ የሚያነበው ካገኘ ደብዳቤ ነው። ጎኖቹ እንደ መስተዋት ካብለጨለጩ ላልቶ እየተንሸራተተ ኖሯል ማለት ነው። ሆዱ በአግድም ከተሰነጣጠቀ ዕድሜና ሙቀት ጨርሶታል። ካበጠና ከለሰለሰ ዘይት ወይም ናፍጣ ነክቶታል። ድንገት እንደ ተቆረጠ ከሆነ ባዕድ ነገር ገብቷል፤ አለዚያም ሲገጠም በካቻቢቴ ተፈልቅቆ የውስጡ ክር ተበጥሷል። በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተላጨ ግን ፑሌጃዎቹ በአንድ መሥመር ላይ አይደሉም። የፑሌጃው ጎድጓዳ ወለል የሚያበራ ከሆነም ቺንጋው ኃይል ማስተላለፍ የሚገባው በጎኖቹ ሲሆን ወለሉን እየነካ ነው፤ ወይ ፑሌጃው አልቋል፣ ወይ ቺንጋው ልኩ አይደለም።

እኔም በፑሌጃዎቹ ፊት ክር ወጥሬ ለካሁ። ሞተሩ ቆሞ ሳለ መሥመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ግራ ገባኝ። ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ለማቀዝቀዣውና ለመብራቱ ተጨማሪ ባትሪዎች ስለ ተገጠሙ፣ የፋብሪካው ዲናሞ ተነሥቶ በትልቅ ዲናሞ ተተክቷል። ሞተሩን አስነሥቼ፣ ባዶ የሆኑት ባትሪዎች ሲሞሉ ከሩቅ ሆኜ በባትሪ መብራት ተመለከትሁ። ዲናሞው ሸክሙን ሲቀበል ወደ ፊት ዘመም ይል ነበር። የዲናሞው መያዣ ቀዳዳ ሰፍቶ፣ በቱቦ መሙያው ፈንታ ሁለት ሮንዴላ ተደርጎበታል። ጥፋቱ በቆመ ሞተር ላይ የሚደበቅ፣ በሥራ ላይ ብቻ የሚገለጥ ነበር።

በቶርኖ አዲስ መሙያ አሠራሁ፤ መያዣውን በሁለት ወገን የሚጨብጥ አድርጌ ለወጥሁ፤ ኩሽኔታውንም ተካሁ። ቺንጋውን ስወጥር በጣቴ ግምት ብቻ አልተማመንሁም፤ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል ባለው በየ100 ሚሊ ሜትሩ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረግብ አደረግሁ። የመሥመሩ መዛነፍም በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከ1.5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተጠነቀቅሁ። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ አጥፍቼ ውጥረቱን እንደገና ለካሁ፤ አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ይረግባልና። የዚህ ሁሉ ወጪ ለሦስቱ ቺንጋዎች ካስከፈልሁት አይበልጥም ነበር፤ እሱንም ከባለቤቱ አልተቀበልሁም።

ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደቀ መዝሙሩ ድጓውን በሌላ ቦታ ለዓመታት ቢማርም፣ በዚያ ቀርቦ ሳያስመሰክር ሊቅ አይባልም። የእኛ ሙያ ግን ዕቃ መቀየር የቻለውን ሁሉ ሳያስመሰክር መካኒክ ይለዋል። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማናቸውም ጋራዥ የተሰበረውን ዕቃ ሳያይና ምክንያቱን በመዝገብ ሳይጽፍ አዲሱን አይግጠም። ሁለተኛ፣ ተለማማጆቻችንን ስንፈትን «ቀይር» ብቻ አንበላቸው፤ «ለምን ተበላሸ?» ብለንም እንጠይቃቸው።

እናትየው ከዚያ ወዲህ ለቀጠሯቸው ሲመላለሱ በጋራዤ በኩል ባለፉ ቁጥር መኪናውን አስቁመው ቺንጋውን ያስዩኛል። እኔም ሞተሩን አስነሥቼ፣ ባትሪዎቹ ሲሞሉ ቆሜ አያለሁ።