በሩቢ የተሠራን መተግበሪያ ለሕዝብ ስለ ማቅረብ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤትዎ አንድ አዲስ የኢንተርኔት አገልግሎት ተሠርቶ አልቋል ተብሎ የርክክብ ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብልዎ፥ ብዙውን ጊዜ የሚያዩት በባለሙያው ኮምፒዩተር ላይ በመልካም ሁኔታ የሚሠራውን ነው። ቅጹ ይሞላል፤ ይላካል፤ መልሱም ወዲያው ይመጣል። በማግሥቱ አገልግሎቱ ለሕዝብ ተከፈተ ከተባለ በኋላ ግን ባለጉዳዩ በቤቱ ሆኖ ሲሞክረው የሚያገኘው ቅጹን ሳይሆን፥ 502 የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ነጭ ገጽ ሊሆን ይችላል። ይህ ለምን እንደሚሆን፥ እንዳይሆንም ምን መደረግ እንዳለበት፥ በተለይ መተግበሪያው ሩቢ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ በዛሬው ንግግሬ ለማስረዳት አስቤአለሁ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ሬዲዮ ሥራ የገባሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ይህን ሥራ በእጄ ሠርቼ፥ በእጄም አበላሽቼ ስላየሁት ለመናገር ድፍረት አገኘሁ።

ሩቢን የፈጠረው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ሥራውን የጀመረው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1993 ሲሆን፥ ለሕዝብ ያቀረበው በ1995 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የቋንቋው ስም ከጃፓን ውጭ በሰፊው የተሰማው ግን ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን የተባለው ዴንማርካዊ ሬይልስ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ በ2004 ካወጣ ወዲህ ነው። ማትሱሞቶ ቋንቋውን ሲያዘጋጅ ዋና አሳቡ የሚጽፍበት ሰው በሥራው ደስ እንዲለው ነበር፤ በዚህም ረገድ ተሳክቶለታል። ለሚያስተናግደው ኮምፒዩተር ግን ነገሩ ያን ያህል ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በሬይልስ የተሠራ መተግበሪያ ሲነሣ እጅግ ብዙ ፋይሎችን ወደ ማስታወሻው ስለሚጭን ለመነሣት ብቻ ሴኮንዶች ይፈጅበታል። እያንዳንዱ ጥያቄ በመጣ ቍጥር እንደ አዲስ ይነሣ ቢባል፥ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ቢሮ ተከራይቶ፥ ጠረጴዛ ተገዝቶ፥ ጸሐፊ ተቀጥሮ፥ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ሁሉንም እንደ መበተን ይቈጠራል።

ስለዚህ መተግበሪያው አንድ ጊዜ ተነሥቶ፥ ነቅቶ የሚጠብቅበት ቤት አስፈለገ። በ2006 ሞንግሬል፥ በ2008 ፓሴንጀር፥ በ2009 ዩኒኮርን፥ ከዚያም ፑማ ተከታትለው የመጡት ይህንኑ ለማድረግ ነው። በመካከሉም በ2007 ራክ የሚባል ስምምነት ተደረገ፤ በዚህም መሠረት የሩቢ መተግበሪያ ሁሉ ለቀረበለት ጥያቄ ሦስት ነገር ብቻ ይመልሳል፤ የውሳኔ ቍጥር፥ የመልእክቱን ራስጌና ዋናውን ጽሑፍ። ይህ ስምምነት ከሌለ ኖሮ እያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን ቤት ይሻ ነበር።

የመሥሪያ ቤትን አሠራር ለሚያውቅ ሰው የቀረው አቀማመጥ አስቸጋሪ አይደለም። በውጭው በር አንድ አጋፋሪ ይቆማል፤ በውስጥ ደግሞ ጉዳዩን የሚፈጽሙ ጸሐፊዎች በየክፍላቸው ተቀምጠዋል። አጋፋሪው ኢጎር ሲሶየቭ የተባለው ሩስያዊ በ2004 ለሕዝብ ያቀረበው ኤንጂንኤክስ የሚባለው ዌብ ሰርቨር ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺሕ እንግዶችን ያለ ድካም እንዲቀበል ተብሎ የተሠራ ነው። የጸሐፊዎቹ ቤት ደግሞ ፑማ ነው፤ ከ2016 ጀምሮ አዲስ የሬይልስ ሥራ ሲጀመር አብሮ የሚመጣው እርሱ ነው። አጋፋሪው መላው ዓለም በሚያውቃቸው በሮች፥ ማለት በፖርት 80 እና 443 ላይ ይቆማል። ፑማ ግን በውስጥ በፖርት 3000፥ ወይም ሶኬት በሚባል ልዩ ፋይል በኩል ከአጋፋሪው ጋር ብቻ ይነጋገራል።

ፑማ ራሱ እንግዳ መቀበል የሚችል ከሆነ አጋፋሪው ለምን አስፈለገ? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱን ለማግኘት ከሩቅ ወረዳ ሆኖ፥ በደካማ የስልክ መረብ ማመልከቻውን የሚልከውን ሰው ያስቡ። ጽሑፉ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ ጥቂት በጥቂት ይንጠባጠባል፤ መልሱንም የሚቀበለው በዚያው ፍጥነት ነው። አንድ ጸሐፊ ከዚህ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ቃል በቃል ሲቀበልና ሲሰጥ ቢውል፥ ወረፋው እስከ ውጭ በር ይደርሳል። ዩኒኮርን ከአጋፋሪ በስተጀርባ ካልሆነ በቀር ሊቀመጥ የማይገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ፑማ የሚመጣውን ማመልከቻ ራሱ አጠራቅሞ መቀበል ቢችልም፥ መልሱን ለዘገምተኛው እንግዳ ማድረስ ጸሐፊውን ይይዘዋል። አጋፋሪው ግን ማመልከቻውን ሙሉውን ተቀብሎ በአንድ ጊዜ ያስገባል፤ መልሱንም በአንድ ጊዜ ተረክቦ፥ በትዕግሥት ለባለጉዳዩ ያደርሳል፤ ጸሐፊውም ወዲያው ወደ ሌላው ይዞራል።

ከዚህም ሌላ ሥዕሎች፥ የገጹን መልክ የሚወስኑ ፋይሎችና ይህን የመሳሰሉት ሁሉ ለማንም ሰው አንድ ዓይነት ናቸው። እነዚህ በመዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ የታተመ ቅጽ ስለ ሆኑ፥ የክፍሉን ሹም ሳያስቸግር አጋፋሪው ራሱ ያድላቸዋል። በሬይልስ ሥራ ውስጥ ለዚህ የተመደበው ማኅደር ፐብሊክ ይባላል። ለኤንጂንኤክስ የሚሰጠውም ትእዛዝ አጭር ነው፤ «የተጠየቀውን በዚህ ማኅደር ፈልግ፤ ካጣኸው ወደ ፑማ አስተላልፍ» የሚል ነው። እዚህ ላይ ግን ከፍ ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዋቃሪው ተሳስቶ ፐብሊክን በማመልከት ፈንታ የሥራውን ሙሉ ማኅደር ያመለከተ እንደ ሆነ፥ አጋፋሪው የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃል የተጻፈበትን ፋይል ሳይቀር ለጠየቀው ሁሉ ያድላል። አጋፋሪ ታዛዥ ነው እንጂ አስተዋይ አይደለም።

ስለ ጸሐፊዎቹም ጥቂት ልናገር። ፑማ ብዙ ክፍሎች ሊኖሩት ይችላል፤ በየክፍሉም ብዙ ጸሐፊዎች ይቀመጣሉ። ይሁን እንጂ በተለመደው ሩቢ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው ብዕር አንድ ብቻ ነው። አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ ይጠብቃሉ፤ ብዕሩ የሚለቀቀው ጸሐፊው ከመረጃ ቋቱ መዝገብ እስኪመጣለት በሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ሃያ ጸሐፊ ማጨቅ ወረፋ መጨመር እንጂ ሥራ ማፋጠን አይደለም፤ ይህን የሚያነቡ አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ። ሬይልስ ራሱ በ2024 በወጣው 7.2 እትሙ የጸሐፊዎቹን መነሻ ቍጥር ከአምስት ወደ ሦስት ዝቅ አድርጎታል። የክፍሎቹን ብዛት ግን ከኮምፒዩተሩ የማስሊያ ክፍሎች ጋር ማስተካከል ይገባል፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ማስታወሻ ስለሚወስድም የማስታወሻውን መጠን አይቶ መወሰን ነው።

አጋፋሪው ባለጉዳዩን ሲያስገባ መሸኛ መስጠት አለበት፤ ማን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣና በየትኛው በር እንደ ገባ ተጽፎ መግባት አለበት። ይህ ካልተደረገ ለመተግበሪያው እንግዳው ሁሉ ራሱ አጋፋሪው ይመስለዋል። እንግዳው በተጠበቀው በር፥ ማለት በ443 ገብቶ ሳለ ይህ በመሸኛው ላይ ካልተጻፈ፥ መተግበሪያው «በተጠበቀው በር ተመለስ» ብሎ ያሰናብተዋል፤ እንግዳው በዚያው በር ይመለሳል፤ አሁንም ተመለስ ይባላል፤ እንዲህ እያለ አሳሹ ተስፋ እስኪቈርጥ ድረስ ይመላለሳል። «ነገ ተመለስ» የሚለው የድሮ በሽታችን በኮምፒዩተርም አልጠፋም ብዬ የሣቅሁት ይህን ባየሁ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ 502 ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት፥ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፥ ባለጉዳዮች የማስረጃ ግልባጭ የሚጠይቁበት አንድ ትንሽ መተግበሪያ በሩቢ ተሠርቶ ነበርና፥ እዚያ የሚሠራ ወዳጄ አግዘኝ ብሎኝ ሄድሁ። ኤንጂንኤክስ ተነሥቷል፤ ፑማም ተነሥቷል፤ ገጹ ግን 502 ብቻ ይላል። የዚህ ቍጥር ትርጉም አጋፋሪው በበሩ አለ፥ ከውስጥ ግን የሚመልስለት አጣ ማለት ነው። እኛ ግን ይህን ሳናስብ ከሦስት ሰዓት በላይ የሩቢውን ጽሑፍ ስንገለባብጥ አመሸን። በመጨረሻ የኤንጂንኤክስን የስሕተት መዝገብ ስከፍት አንድ መሥመር ጉዳዩን በግልጽ ተናግሯል፤ ወደ ሶኬቱ ለመድረስ ፈቃድ ተከለከልሁ ይላል። ነገሩም እንዲህ ነው፤ መተግበሪያውን ያስቀመጥነው በአንድ ተጠቃሚ የግል ማኅደር ውስጥ ነበር። ኡቡንቱ የተባለው ሥርዓት ከ21.04 እትሙ፥ ማለት ከ2021 ወዲህ የግል ማኅደርን ለሌላ ተጠቃሚ ዝግ አድርጎ ነው የሚፈጥረው፤ ኤንጂንኤክስም የሚሠራው በሌላ ተጠቃሚ ስም ስለ ሆነ በሩ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ወዳጄ ወዲያው «ሁሉን ለሁሉ ክፍት እናድርገውና ይለቅ» አለ። ሰዓቱ መሽቶ ነበርና እኔም ልስማማ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። እንዲህ ቢደረግ 502 በእርግጥ ይጠፋል። ነገር ግን በዚያው ማኅደር ውስጥ ዋናው የምስጢር ቍልፍ አለ። መተግበሪያው ወደ ውስጥ የገባውን ሰው ማንነት የሚያትመው በዚህ ቍልፍ ነው፤ እርሱን ያገኘ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ሹም ማኅተም እንዳገኘ ይቈጠራል፤ የሌላውን ሰው መግቢያ አስመስሎ መሥራት ይችላል። የሺሕ ሰው የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ከዚህ በስተጀርባ አለ። ስለዚህ ሥራውን ከግል ማኅደር አውጥተን ለዚሁ በተለየ ስፍራ አኖርነው፤ የራሱን ተጠቃሚ ሰጠነው፤ ሶኬቱን ብቻ ኤንጂንኤክስ በሚጋራው ማኅደር አደረግን፤ ቍልፉም ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው ዘጋነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

በዚያው ሌሊት ሌላም ነገር አየን። መተግበሪያው የተነሣው በልማት ሁኔታ ነበር፤ ሬይልስ በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ካልተነገረው የሚይዘው ይህንኑ ነውና። በዚህ ሁኔታ ስሕተት ሲያጋጥመው ለባለሙያው እንዲረዳ ብሎ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ገልጦ ያሳያል፤ ይህን ግን የሚያየው ገጹን የከፈተ ሁሉ ነው። ወደ አገልግሎት ሁኔታ ለወጥነው፤ የገጹን መልክ የሚሰጡትንም ፋይሎች አስቀድመን አዘጋጀን፤ ይህ ካልተደረገ ገጹ ራቁቱን ይወጣል።

ሁሉ አለቀ ብለን በሄድን በሳምንቱ አንድ አዛውንት ስልካቸውን ይዘው በአካል መጡ። «ልጄ፥ መታወቂያዬን አንሥቼ ሦስት ጊዜ ላክሁት፤ አልቀበልም አለኝ፤ ምን አጠፋሁ?» አሉ። «ኧረ ምንም አላጠፉም፥ አባቴ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም። እኛ ስንሞክር የላክነው ሥዕል ትንሽ ነበር፤ ኤንጂንኤክስ ደግሞ ካልተነገረው በቀር ከአንድ ሜጋባይት የሚበልጥ መልእክት አይቀበልም፤ 413 ብሎ ይመልሳል። የዛሬ ስልክ የሚያነሣው ፎቶግራፍ ሦስትና አራት ሜጋባይት ነው። በአንዲት መሥመር የሚስተካከል ነገር ለሳምንት ያህል ስንቱን ሰው እንደ መለሰ ከመዝገቡ ቈጥረን አፈርን። አዛውንቱ የመጡት በሁለት አውቶቡስ ነበር።

የተጠበቀውን በር ለመክፈት የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት ዛሬ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በ2015 በሩን ለሕዝብ ከከፈተ ወዲህ በነጻ ይሰጣል። ዘመኑ አጭር ስለ ሆነ መታደሱን ለማሽኑ መተው ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ ሰርተፊኬት ቢወርድም ኤንጂንኤክስ እንደ ገና እንዲያነብ ካልታዘዘ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። ኤንጂንኤክስን ከማዘዝ በፊትም የተጻፈለት ደንብ ትክክል መሆኑን ራሱ እንዲመረምር ማድረግ ይቻላል፤ ይህን የሚዘሉ ባለሙያዎች አሉ፤ አይመሰገኑም።

በ2024 መጨረሻ የወጣው ሬይልስ 8 ይህን ሁሉ ለማቅለል ካማል የተባለ ማጓጓዣና ትራስተር የተባለ ትንሽ አጋፋሪ ይዞ መጥቷል። አጋፋሪው ቢለወጥም ግን መሸኛው፥ የምስጢር ቍልፉና የጸሐፊዎቹ ቍጥር እንደ ነበሩ የሚታሰብባቸው ናቸው።

የቀረኝ የመብራት ጉዳይ ነው። መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ሲነሣ ኤንጂንኤክስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይነሣል፤ ፑማ ግን ባለሙያው በእጁ ያስነሣው ብቻ ከሆነ ተኝቶ ይቀራል፤ 502ም ተመልሶ ይመጣል። ይህን እንዲጠብቅ ሲስተምዲ ለሚባለው የሥርዓቱ ተቈጣጣሪ ማስረከብ ያስፈልጋል፤ ለእርሱም «አሁን አስነሣ» ማለትና «ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቍጥር አስነሣ» ማለት ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። እንግዲህ ክቡር አንባቢ ሆይ፥ የርክክቡ ወረቀት በቀረበልዎ ጊዜ ብዕርዎን ከማንሣትዎ በፊት ባለሙያው ኮምፒዩተሩን በፊትዎ አጥፍቶ እንዲያስነሣው ይጠይቁት፤ ከዚያም ማንም እጁን ሳያስገባ፥ በራስዎ ስልክ፥ ከመሥሪያ ቤቱ መረብ ወጥተው ገጹን ይክፈቱና አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ይላኩ።