ለዘበኛ ዋስ እንጠይቃለን፤ ለልጆቻችን «አማካሪ»ስ?

(በገላን በተደረገ የእድሮች የጋራ ስብሰባ ላይ ያሰማሁት ንግግር)



እንድናገር ስትጋብዙኝ ስለ ጫትና ስለ አረቄ ጉዳት የምደሰኩር መስሏችሁ ይሆናል። አልሞክረውም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የጫትን ጉዳት የማያውቅ የለም፤ ቃሚውም ያውቀዋል። እኔ የመጣሁት ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር ነው።

እንደምታውቁኝ እዚሁ ገላን በአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ አስተዳደር ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ሰው መቅጠር ነበር። ዘበኛ ስቀጥር የቀበሌ መታወቂያ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከቀድሞ አሠሪው የመልቀቂያ ወረቀትና ደመወዝተኛ ዋስ እጠይቅ ነበር። መጋዘን ጠባቂ ከሆነማ አይነሣ! ዋሱ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ድረስ ሄጄ አጣራለሁ። ለምን ቢባል፣ የሚጠብቀው የፋብሪካ ንብረት ነዋ!

ታዲያ እድራችን ከየአባሉ ገንዘብ አዋጥቶ ለልጆቻችን «የሱስ አማካሪ» እንቅጠር ሲል የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆንኩት እኔው ነኝ። ሰውዬው መጣ። ከረባት አስሯል፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ እያጣቀሰ ይናገራል። «ዘጠኝ ዓመት ቅሜ፣ ጠጥቼ፣ ጎዳና ወድቄ፣ ይኸው ዛሬ በእግሬ ቆሜያለሁ» አለን። እናቶች አለቀሱ። እውነቱን ልናገርና እኔም ዓይኔን ጠረግሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ! ያሳየን ወረቀት በፕላስቲክ የተለበጠ ኮፒ ነው። ዋናውን አምጣ ያለው የለም፤ ዋስ የጠየቀው የለም፤ የሙያ ፈቃድህ የታል ያለው የለም። በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመረ።

የመጀመሪያው «ታካሚ» የእህቴ ልጅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጧት አረቄ ካልቀመሰ እጁ ስኒ አይዝም። አማካሪያችን ዓርብ ጧት አንድ ኪራይ ቤት አስገባውና ከውጭ ቆለፈበት። «ጋሼ፣ አይስጉ፤ ሦስት ቀን ከጨከንንበት ከደሙ ይወጣል» ብሎኝ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ቅዳሜ ሌሊት ልጁን ጣለው። አረፋ ደፈቀ፤ ምላሱን ነከሰ። ድምፁን የሰሙ ጎረቤቶች በሩን ሰብረው ገቡ። ሆስፒታል ስንደርስ እሑድ ሊነጋ ነው፤ የሌለ ጉንዳን ከልብሱ ላይ እያራገፈ፣ ያሳደግሁትን እኔን «አንተ ማነህ?» አለኝ። ተረኛው ሐኪም «መጠጡን እንዲህ በአንዴ ያስቆመው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አንገቴን ደፋሁ።

ልጁ ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሐኪሙ ያን ሌሊት ያስረዳኝን ለእናንተም ላካፍል። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው አእምሮው ከአልኮሉ ጋር ተላምዶ ይኖራል። ድንገት ሲቋረጥበት ፍሬኑ እንደተበጠሰ መኪና ነው። ከጥቂት ሰዓታት አንስቶ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል። ይህ ይገድላል። በሐኪም እጅ ሲሆን ግን እንደ ዲያዜፓም ባሉ መድኃኒቶችና በቫይታሚን ቢ1 ቀስ ተብሎ ይታለፋል። ጫት ሌላ ነው፤ ጫት ያቆመ ሰው በአብዛኛው ይደብተዋል፣ ይደክመዋል፣ መጥፎ ሕልም ይበዛበታል። እኛ ቁልፉን ያስረከብነው ሁለቱን ለማይለይ ሰው ነው። (ልጆቻችሁን ጸበል የምትወስዱም ይህን ልብ በሉ። ጸበሉን አልነካም፤ በየቀኑ የሚጠጣውን ግን አስቀድማችሁ ሐኪም አሳዩት ነው የምለው።)

ነገሩ ካለፈ በኋላ የድሮው ልማዴ ትዝ አለኝና ወረቀቱን ይዤ ሰጠ ወደተባለው ተቋም ሄድኩ። ሬጅስትራሯ ስሙን ፈለገች፤ የለም። የወረቀቱን ቁጥር ፈለገች፤ የሌላ ሰው ነው፣ ያውም የአካውንቲንግ ተመራቂ! ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ አንድ ከሰዓትና የታክሲ ሂሳብ ብቻ ነው።

«አማካሪ» የሚለው ቃል ነው ያታለለን። የአእምሮ ሐኪም፣ የሳይካትሪ ነርስ፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት፣ ሶሻል ወርከር የየራሳቸው ትምህርትና የየራሳቸው ወሰን አላቸው። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ አዝዛለሁ ካላችሁ ያኔውኑ ጠርጥሩ። ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ ወረቀቱ ላይ ሙያው፣ የምዝገባ ቁጥሩና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ይኖራል፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ለጤና ሚኒስቴር ወይም ለክልሉ ጤና ቢሮ ማቅረብ ነው። የትምህርት ማስረጃውን፣ ከውጭ አገር አመጣሁ የሚለውንም ጭምር፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያጣራል። የሦስት ቀን ሥልጠና የተሳትፎ ወረቀትና የማኅበር አባልነት ካርድ ፈቃድ አይደሉም። ያለ ፈቃድ ማከም ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ያስጠይቃል።

ሕጉ አለ፤ አስፈጻሚው የታል? ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና የእኛዋ ገላን በ2015 ዓ.ም. ተጠቃለን ሸገር ከተማ ተባልን። በዚያው ዓመት ቤት ለማፍረስ ግሬደሩ ሳይጠራ መጣ። ግቢ ተከራይቶ «ማገገሚያ» የሚል ታፔላ የሰቀለውን ግን ፈቃድህን አሳይ የሚል ሠራተኛ በእኛ ሰፈር አላየሁም። ለአቤቱታ ስሄድ «ነገ ና» ተባልኩ። ነገ ሄድኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው!

አስመሳዩ እንዲህ የሚፈነጭበት ምክንያትም አለ፤ እውነተኛው ባለሙያ ጥቂት ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩን ሁሉ ሸክም ተሸክሟል። አገራችን የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም በራሷ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ እየተላከ ነበር የሚማረው። ወረፋው ሲረዝምብን በአቋራጭ እንሄዳለን፤ አቋራጩ ላይ ደግሞ ከረባት ያሰረው ሰው ይጠብቀናል።

የእኛ ብቻ ገመና ነው እንዳትሉ። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ የሱስ ማገገሚያ ቤቶች ከፍቶ፣ ታካሚዎቹ ሱሳቸውን እንደያዙ እንዲቀመጡ እየተወ ኢንሹራንስ ሲያስከፍል የነበረ ሰው በ2017 እ.ኤ.አ. ከ27 ዓመት በላይ እስር ተፈርዶበታል። እዚያ ቢያንስ ተፈረደበት።

አንድ ወንድማችን ቅድም በሻይ ሰዓት «ታዲያ ከሱስ የወጣ ሰው አይረባም ልትል ነው?» ብሎኛል። ኧረ በጣም ይረባል! በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር እኮ በሁለት ጠጪዎች የተመሠረተ ነው። እነሱ ግን አጠገብህ ተቀምጠው ታሪካቸውን ይነግሩሃል፤ ቤት አይቆልፉብህም፣ ለምስክርነታቸው ደመወዝ አይቆርጡም። የእኛ ሰው ታሪኩ እውነት ነው ብንል እንኳ፣ ተቅማጥ ታሞ የዳነ ሁሉ ሐኪም ነው እንዴ?

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ሰውዬውን አልከሰስነውም። የእድሩ ስም እንዳይነሣ፣ የልጁም ገመና እንዳይወጣ ብለን ዝም አልን። ዝም ብቻም አይደለም፤ ያለ ጫጫታ እንዲሄድልን የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍንለት። «በሥራው ታታሪ፣ በጠባዩ ምስጉን» ይላል። ፊርማው የእኔ ነው። ባለፈው ወር ሰበታ የሚኖር ወዳጄ ደወለና «እናንተ የመሰከራችሁለት የሱስ ባለሙያ እኛ ዘንድ ሊቀጠር ነው፤ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አለኝ። ለእሱ ነገርኩት። ያልደወለልኝስ?

የደብዳቤው ቅጂ ይኸው በእጄ ነው። እሱን የሚሽር ሌላ ደብዳቤ አርቅቄ መጥቻለሁ፤ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ እድሮች፣ ግልባጩ ለጤና ጽሕፈት ቤቱና ለፖሊስ። የእህቴ ልጅ አንብቦት «ስሜን ካልጻፍክ ይሁን» ብሎኛል። ማኅተሙ ያለው ከጸሐፊያችን ዘንድ ነው። ስብሰባው ሳይበተን እንድንፈርምበት እጠይቃለሁ፤ መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ።