አሮጌ ላንድሮቨር በምን ይታወቃል?

(ለማኅበሩ አባላት በቴፒ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጥንታዊ መኪና በተነሣ ቁጥር የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቤተ መንግሥት ግቢ ያመራል። መነሻውም በእውነት እዚያ ነው፤ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ በማድረስ ለዐፄ ምኒልክ አስረክቧል። ከዚያ ወዲህ ስለ መጡት የመኳንንት መኪናዎችም ብዙ ተወርቷል። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከቴፒም እስከ ማሻ በሚዘልቀው የቡና አገር ግን ጥንታዊ ሊባል የሚገባው መኪና ሌላ ነው። ጌጥ የለውም፤ በሩ ይንኳኳል፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው ከተሳፋሪው ጉልበት ላይ ይንጠባጠባል። ይኸውም ላንድሮቨር ነው።

ክረምቱ በከረረና መንገዱ ጭቃ በሆነ ጊዜ ሰውም፣ ቡናም፣ በሽተኛም በእርሱ ይጫን ነበር። መንገዱ እየተሻሻለ ሲመጣ ሚኒባሱና ባጃጁ ሥራውን ወሰዱበትና አሮጌው ከጋራዥ ጓሮ፣ ከማንጎ ጥላ ሥር ቀረ። ላሜራው አሉሚኒየም በመሆኑ ዋጋው የሚተመነው በኪሎ ነው፤ ቀልጦም ድስት ይወጣዋል። በድስቱ ላይ ቅሬታ ያለው የለም። አሳሳቢው ነገር አንድ መኪና መቼ እንደ ተሠራና ለምን ዓይነት አገር እንደ ታሰበ ሳይታወቅ መቆረጡ ነው፤ ይህንንም ለይቶ መናገር ከማንም በፊት የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር ፋብሪካው አካሉን ከአሉሚኒየምና ከማግኒዚየም ቅይጥ ሠራው፤ ሻንሲውን ግን ከብረት። ይህ በችግር ጊዜ የተወሰደ መላ ለመኪናው ዕድሜም ሆነ፣ ኋላ እንደሚታየው፣ ለበሽታውም ምክንያት ሆኗል።

የሠሪውን ዘመን ለመለየት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሜትር ነው። ከፊተኛው ጎማ መካከል እስከ ኋለኛው ጎማ መካከል ያለው ርቀት 80 ኢንች፣ ማለትም 203 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ መኪናው ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። 86 እና 107 ኢንች ቀጥለው የመጡ ናቸው፤ 88 እና 109 ኢንች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለረጅም ዘመን ጸንተው ቆይተዋል። ጎኑ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለው ሲሪስ 1 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሲሪስ 2 ጎኑ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው። ከ1961 ሲሪስ 2 ኤ፣ ከ1971 ደግሞ ሲሪስ 3 ተከተሉ።

ብዙ ሰው ግን ሜትሩን ትቶ የሚያየው የፊት መብራቱን ነው። መብራቶቹ በራዲያተሩ ወንፊት ግራና ቀኝ ተጠጋግተው ከገቡ አሮጌ፣ ወደ ፓራፋንጎው ከወጡ አዲስ ይለዋል። በፋብሪካው ሥራ ይህ ትክክል ነው፤ መብራቱ ወደ ፓራፋንጎ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1968ና በ1969 ገደማ ነው። ነገር ግን የላንድሮቨር አካል በብሎን የተያያዘ በመሆኑ በአንድ ከሰዓት በኋላ የአንዱ ፓራፋንጎ ለሌላው ይታሰራል። የሲሪስ 3ን ፕላስቲክ ወንፊት በ2 ኤ ላይ ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ ፊቱን አይቶ የሚፈርድ ይሳሳታል። ይልቅ ወደ ውስጥ መመልከት ይበጃል፤ የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያው በዳሽቦርዱ መካከል ካለ ከሲሪስ 3 በፊት የተሠራ ነው፤ በነጂው ፊት ከሆነ ሲሪስ 3 ነው። ካምቢዮውም ይናገራል። በሲሪስ 3 አራቱም የፊት ማርሾች ሳይጮኹ ይገባሉ፤ በቀደሙት ግን አንደኛና ሁለተኛ ማርሽን ለማስገባት ነጂው ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥ አለበት። የድሮ ሾፌሮች ይህን በእግራቸው ያውቁታል፤ ጠይቆ መስማት ነው።

የሻንሲ ቁጥርን በሚመለከት ሊብሬ ብቻውን አይበቃም። ሊብሬ የሚናገረው አንዳንድ ጊዜ መኪናው የተመዘገበበትን እንጂ የተሠራበትን ዘመን አይደለም። ቁጥሩ በሻንሲው ፊተኛ ጫፍ በቀኝ በኩል፣ ከባሌስትራው መያዣ አጠገብ ተመትቶ ይገኛል። በ88 ኢንች የቤንዚን 2 ኤ ላይ 242 ብሎ የሚጀምር ቁጥር መሪው በቀኝ ሆኖ ለውጭ አገር የተሠራ መሆኑን ሲያመለክት፣ 244 ደግሞ መሪው በግራ የሆነውን ያመለክታል። ይህ ለኢትዮጵያ ልዩ ትርጉም አለው። አገሪቱ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነውና፣ ከቡናው አገር ጓሮ 242 የሚል ሻንሲ ቢገኝ ከዚያ ቀን በፊት የገባ ሳይሆን አይቀርም። ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ መሪው ወደ ግራ ተዛውሮ ሊገኝም ይችላልና፣ ያን ጊዜ የድሮው ቀዳዳ በላሜራ ተደፍኖ እንደ ሆነ ከኮፈኖው ሥር በእጅ ዳብሶ መፈለግ ነው።

ወደ በሽታው እንመለስ። በቴፒ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው እርጥበት ባገኛቸው ጊዜ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው፤ በመጋጠሚያው ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ምልክቱ ነው። ሻንሲው ደግሞ ባዶ ሣጥን በመሆኑ ጭቃ ተጠራቅሞበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። በመዶሻ ቀስ አድርጎ ሲመቱት ጤነኛው ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ቀለም የተቀባ መኪና ለመግዛት የሚጣደፍ ሁሉ ይህችን ትንሽ መዶሻ ቢይዝ ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

እንዲህ ያለው መኪና ሲገኝ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ባለሙያዎችን ያከራክራል። አንዳንዶች መለዋወጫውን ከውጭ አስመጥቶ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ማድረግ ይገባል ይላሉ። በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፤ ለአንድ የሙዚየም መኪናም ያምራል። ለቡናው አገር ላንድሮቨር ግን ይህ መንገድ የሚያጠፋው ይበዛል። ከጭነት መኪና ባሌስትራ ተቆርጦ የተጨመረው ቅጠል፣ ለተሳፋሪ ከኋላ የተበየደው የብረት መወጣጫ፣ ባቲላሜራው በእጁ ቀጥቅጦ ያወጣው በር፣ ሁሉም አንድ መካኒክ መለዋወጫ ባልተገኘበት ዘመን የደረሰበትን መፍትሔ ያሳያሉ። እነርሱን አውልቆ በአዲስ መተካት የአንድን ምህንድስና መዝገብ መፋቅ ነው። ዝገቱ ይቁም፣ የተበላው ሻንሲ ይጠገን፤ የሠሪዎቹ እጅ ግን በቦታው ይቆይ። መኪናው መቆረጡ የማይቀር ከሆነም ከዚያ አስቀድሞ የጎማዎቹ ርቀት ይለካ፣ ቁጥሩ ይነበብ፣ በየጎኑ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ የነዳው ሰው በሕይወት ካለ ይጠየቅ። ቁጥሩ ያለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ በደረቀ ጭቃና በቅባት የተሸፈነ ስለሚሆን ነጭ ጋዝና የሽቦ ብሩሽ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።