ደም ብዛትና ዓይናችን

የዛሬው ንግግሬ ስለ ደም ብዛት ነው። የደም ግፊትም ይባላል። ልብን እንደሚጎዳ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ዓይንንም እንደሚጎዳ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

እናንተ የቡራዩ ሰዎች የገፈርሳን ግድብ ታውቁታላችሁ። ከዚያ የሚነሣው ውኃ በቧንቧ አዲስ አበባ ይገባል። ውኃው ከመጠን በላይ ቢገፋ ቀድሞ የሚፈነዳው የትኛው ቧንቧ ነው? ስሱ ነው። የሰውም አካል እንዲሁ ነው። ልብ ደምን በሥሮች ውስጥ ይገፋል። ከዓይናችን በስተ ኋላ ያሉት የደም ሥሮች ከክር የቀጠኑ ናቸው። ግፊቱ ለዓመታት ሲበረታ መተላለፊያቸው ይጠባል። አንዳንዱ ደም ያፈሳል፤ አንዳንዱ ይደፈናል። ያን ጊዜ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ክፍል ይጎዳል።

ክፋቱ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለውም። ሰውየው «ደህና ነኝ» እያለ ይኖራል። አንድ ቀን ግን ብዥ ይልበታል፤ ወይም አንዱ ዓይኑ በድንገት ይጨልማል። እንዲህ ከሆነ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከ1000 ሰው 16 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። በደም ብዛት የሞተ የዓይን ክፍል ግን ተመልሶ አይድንም። ስለዚህ «ሞራ ነው፣ እርጅና ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጤና ጣቢያ ሄደን እንለካ። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ደም ብዛት ነው። ቁጥሩን ጠይቁና ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ዛሬ መጻፍ ታውቃላችሁ!

ሁለተኛ፣ ጨው እንቀንስ። ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል። በወጡ፣ በበርበሬውና በቡናው የሚገባው ሁሉ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ ሐኪም ያዘዘውን ክኒን «ተሽሎኛል» ብለን አናቋርጥ። ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምግብ ነው፤ ክኒኑን ግን አይተካም።

አራተኛ፣ ደም ብዛት ያለብን ሰዎች ዓይናችንን እንመርመር። ሐኪሙ በመብራት መሣሪያ በብሌናችን በኩል የደም ሥሮቹን ያያል። ጉዳቱን እኛ ሳናውቀው እርሱ ይደርስበታል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ፊደል የለየንበትን ዓይን አሁኑኑ እንጠብቀው።