ጉቶዎቹ የሚናገሩት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ሥዕል ነው። ሥዕልም እንደ ጽሑፍ ይነበባል። ስናነብ አንድ ፊደል ከዘለልን ቃሉ ይበላሽብናል። በሥዕልም አንዱን ነገር ሳናይ ካለፍን ነገሩ ይጎድልብናል።

የሥዕሉ ስም «የላካዋና ሸለቆ» ይባላል። የሳለው ጆርጅ ኢነስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ኢነስ በ1825 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1894 ሞተ። ይህን ሥዕል የሠራው በ1856 ገደማ ነው።

እስቲ አብረን እንየው። ቦታው በአሜሪካ አገር፣ በፔንሲልቫኒያ ግዛት የሚገኝ ሸለቆ ነው። በስተኋላ ተራሮች በጭጋግ ውስጥ ይታያሉ። ከተራሮቹ ግርጌ ስክራንተን የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ዘመን በዚህች ከተማ የሐዲድ ብረት ይሠራ ነበር፤ በአካባቢውም የድንጋይ ከሰል ይወጣ ነበር። በመካከል ባቡር ጭሱን እየለቀቀ ይመጣል። በስተግራ አንድ ትልቅ ዛፍ ቆሟል። የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሣሩ ላይ አረፍ ብሎ ሸለቆውን ይመለከታል። ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ቀረብ ያለውን መሬት እንይ። መሬቱ ሁሉ ጉቶ ነው! ዛፉ ተቆርጦ አልቋል። ጉቶ ምን እንደሆነ ለገበሬ አይነገረውም። ጉቶ ካለ ዛፍ ነበረ፤ ዛፍም ከነበረ የቆረጠው አለ።

እንጨቱ የት ገባ? ሥዕሉ አይነግረንም። ነገር ግን በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደን ይመነጠር የነበረው ለእርሻ፣ ለቤት መሥሪያ፣ ለማገዶና ከሐዲድ ሥር ለሚጋደመው እንጨት ነበር።

ሥዕሉን ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው ማን ነው? የባቡር ኩባንያው ራሱ ነው። ኩባንያው ሥራው እንዲታይለት ፈለገ። ሠዓሊውም ባቡሩን ሳለለት። ጉቶዎቹን ግን አልደበቃቸውም፤ እንዲያውም ከፊት አደረጋቸው። ኢነስ ባቡሩን ማወደሱ ነው ወይስ ለደኑ ማዘኑ? አዋቂዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

እኛ ግን ሁለቱንም እናነባለን። ባቡሩ ሰውና ዕቃ በፍጥነት ያደርሳል፤ ጥቅሙ አይካድም። ጉቶውም የተከፈለውን ዋጋ ያሳያል። ስለዚህ አዲስ ነገር ሲመጣልን «ምን አገኘን?» ብለን ብቻ አንለፈው። «ምን ሰጠንበት? የተቆረጠውስ ተተክቷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

ሥዕሉ ዛሬ በዋሽንግተን ከተማ፣ በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል።