«ቀኑ ደርሶ ነው» ለሚሉ ሥራ ተቋራጮች



ካዛንቺስን የምታውቁት ሁሉ እንደምታዩት፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አሮጌዎቹ ቤቶች ለኮሪደር ልማቱ ከፈረሱ ወዲህ የሰፈሩ መልክ ሌላ ሆኗል። ቂርቆስ ውስጥ ሕንፃ የማይነሣበት አቅጣጫ የለም። ጠዋት ወደ አንዱ ሳይት ጎራ በሉ። ሄልሜቱ በጥበቃው ቤት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሚታደለው ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ነው። አራተኛው ሶሌታ ላይ ለሊፍት የተተወው ክፍተት በቁራጭ ኮምፔርሳቶ ተሸፍኗል፤ አልተቸነከረም። በነጠላ ጫማ አሸዋ ተሸክማ የምታልፈው ልጅ ከሥሩ ባዶ መሆኑን የነገራት የለም።

ሰው ሲወድቅ ደግሞ ፎርማኑም ባለቤቱም «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይላሉ። ለለቅሶ ቤት የሚያጽናና ቃል ነው። ለሳይት ግን ሰበብ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ሰበብ አይቀበልም። በአንቀጽ 92 አሠሪው መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውን እንዲያሠለጥን፣ አደጋን መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያዛል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ተቋራጮች «ልጁ ራሱ ቀበቶውን አልታጠቀም!» ይላሉ። ይሁን። ሕጉ ለዚህም ቦታ ትቷል፤ ሠራተኛው አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ገብቶ ከተጎዳ አሠሪው ሊከራከር ይችላል። ልብ በሉ፣ ይህ መከራከሪያ የሚሠራው አስቀድሞ መመሪያ ላወጣ ሰው ነው። ምንም ያላወጣ ተቋራጭ ምን ተጣሰብኝ ሊል ነው? ደንቡን ማክበር የሚጠቅመው ለቀን ሠራተኛው ብቻ መስሎ የሚታየው፣ ፍርድ ቤት እስኪቀረብ ድረስ ነው።

አደጋውም በሳይቱ አጥር አይወሰንም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። ለበዓል የመጡ ምእመናን ነበሩ። ከተማችን ውስጥ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ቆሞ ከሥሩ መንገደኛ የሚተላለፍባቸው የእግረኛ መንገዶች ዛሬም አሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ ላለማታለል ልናገር። የጡረታ ወይም የመድን ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ ቢጎዳ፣ ካሳው የ5 ዓመት ደመወዙ ነው። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ይህ ብቻውን ባለ ብዙ ሚሊዮን ፕሮጀክት የያዘን ሰው አያስደነግጥም። ችግሩ ያለው ጨረታው ላይ ነው። የመረቡ፣ የቀበቶው፣ የብረት መወጣጫው፣ የደኅንነት ባለሙያው ደመወዝ ዋጋ በሌሎች ሥራዎች ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ሲገባ፣ እነሱን የዘነጋው ተቋራጭ ዝቅተኛ ዋጋ አቅርቦ ያሸንፋል፤ ደንብ አክባሪው ይወድቃል። በእኔ አስተያየት እነዚህ ዋጋዎች በሥራ ዝርዝሩ ላይ ለብቻቸው ተጽፈው፣ ለሁሉም ተጫራች እኩል ተቆርጠው ይቀመጡ። ውድድሩ በሌላው ይሁን።

አማካሪ መሐንዲሶችም አላችሁበት። የክፍያ ሰርተፍኬት ስትፈርሙ ፌሮውን ቆጥራችሁ፣ አርማታውን ለክታችሁ ነው። መረቡንም እንዲሁ ቁጠሩ፤ ካልተዘረጋ ክፍያው ይያዝ።